ታይትል የጠፋበት መኪናና ቦንድ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ያገለገለ መኪና ከግለሰብ መግዛት አሜሪካ ላለ አበሻ የተለመደ ነው። ዋጋው ይቀላል። ዲለር የሚጨማምራቸው ክፍያዎች የሉበትም። ሻጩም ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረባ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ወይም የጓደኛ ጓደኛ ነው። ችግሩ ብቅ የሚለው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። «ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) አሁን አላገኘሁትም፣ ሰሞኑን ፈልጌ አመጣልሃለሁ» ይላል ሻጩ። «ሰሞኑን» የተባለው ወር ይሞላዋል። ከዚያ ስልክ ማንሳት ይተዋል። መኪናው ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ ቁልፉም በእጅ ነው። በመንግሥት መዝገብ ላይ ግን መኪናው አሁንም የሌላ ሰው ነው።

እንዲህ የገጠመው ሰው ምክር ሲጠይቅ ቶሎ የሚሰማው «ቦንድ ግዛበት፣ መቶ ዶላር ከፍለህ ትገላገላለህ» የሚል ነው። ቦንድ ማለት ዋስትና ነው፤ እሱን አስይዞ ያለ አሮጌው ታይትል በስም አዲስ ታይትል ማውጣት ነው ሐሳቡ። መንገዱ በርግጥ አለ፣ ሕጋዊም ነው። ግን ቦንዱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ገዢውን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ አይደለም። ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሱ በፊት ሊሞከር የሚገባው በጣም ርካሽ መፍትሔ አለ። ቅደም ተከተሉን ባለማወቅ ገንዘባቸውን የሚያባክኑ፣ ከዚያም አልፎ ራሳቸውን ለዕዳ የሚያጋልጡ ሰዎች ስላሉ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። እዚህ በዝርዝር የማየው የቴክሳስን ነው። ዳላስና ሂውስተን አካባቢ ብዙ ሰዎቻችን አሉ፣ የቴክሳስ አሠራርም ደረጃ በደረጃ የተጻፈ ነው። ስለ ሌሎቹ ስቴቶች ወደ ኋላ ላይ እመጣለሁ።

ታይትል ምንድን ነው? ከሬጂስትሬሽን በምን ይለያል?

ታይትል ስቴቱ የሚሰጠው የመኪና ባለቤትነት ማረጋገጫ ነው። በላዩ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመኪናው ዓይነትና ዓመት፣ የቪን ቁጥሩ፣ ባንክ ያበደረበት ከሆነ ደግሞ የባንኩ ስም ይሰፍራል። መኪናው ሲሸጥ ባለቤቱ ጀርባው ላይ ፈርሞ ለገዢው ይሰጣል። ገዢው ያንን ይዞ ቢሮ ሲሄድ በስሙ አዲስ ታይትል ይወጣለታል።

ሬጂስትሬሽን ሌላ ነገር ነው። እሱ መኪናው በመንገድ ላይ እንዲነዳ የሚሰጥ ዓመታዊ ፈቃድ ነው። ታርጋውና መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከዚህ ጋር ይሄዳሉ። ብዙ ሰው ሻጩ የሬጂስትሬሽን ወረቀት ሲያሳየው «ወረቀቱ አለ» ብሎ ይከፍላል። ያ ወረቀት ባለቤትነት አያስተላልፍም። ቢል ኦፍ ሴል የሚባለው የሽያጭ ወረቀትም ብቻውን አይበቃም፤ ገንዘብ መክፈላችሁን ያሳያል እንጂ መኪናውን በስማችሁ አያዞርም። ኢንሹራንስ በስማችሁ መግዛታችሁም እንደዚያው ነው።

የቪን ቁጥሩ የመኪናው መታወቂያ ነው። ከ1981 ሞዴል ወዲህ በተሠሩ መኪኖች ላይ 17 ፊደልና ቁጥር አለው። በፊት መስተዋቱ ሥር በሾፌሩ በኩልና በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ይገኛል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ቦንዱ ማንን ነው የሚጠብቀው?

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ ይባላል። ዋሱ የሚፈርመው ለሠራተኛው ብሎ ቢሆንም የሚጠበቀው ቀጣሪው ነው። ገንዘብ ቢጎድል ቀጣሪው ከዋሱ ይቀበላል። ዋሱ ደግሞ ዞሮ ሠራተኛውን ይይዛል። የታይትል ቦንድ ይኸው ነው። በሠራተኛው ቦታ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ዋሱ የኢንሹራንስ ኩባንያው ነው። ልዩነቱ ኩባንያው ዋስ የሚሆነው ለወዳጅነት ሳይሆን በክፍያ መሆኑ ነው።

ታዲያ በቀጣሪው ቦታ ያለው ማን ነው? የቴክሳስ የትራንስፖርት ሕግ በክፍል 501.053 ይዘረዝራቸዋል። የመኪናው የቀድሞ ባለቤቶች፣ በመኪናው ላይ ዕዳ ያለው አበዳሪ፣ መኪናውን ወደፊት ከእናንተ የሚገዛ ሰው፣ ለዚያ ገዢ የሚያበድረው ባንክም ጭምር። ስቴቱ ያለ በቂ ወረቀት ታይትል ሲሰጣችሁ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ሊጎዳ ይችላል። ቦንዱ ለዚያ ጉዳት መክፈያ ነው። የጠበቃ ወጪ እንኳ በውስጡ ይገባል።

ስማችሁ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሁሉም ነገር የሚለወጠው ይህ ሲገባ ነው። ሻጩ አታሏችሁ ከሆነ ቦንዱ ለእናንተ ሳንቲም አይከፍልም። ይልቁንም ኩባንያው ለሌላ ሰው ከከፈለ የከፈለውን ከእናንተ ይጠይቃል። ቦንዱን ስትገዙ የምትፈርሙት ውል ውስጥ ይህ ግዴታ ተጽፏል። በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፍ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል። እባካችሁ አንብቡት፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ።

ስቴቱ በበኩሉ የሚሰጣችሁ ታይትል ላይ በቦንድ የወጣ መሆኑ ይጻፋል። ከዚያ ውጭ እንደ ማንኛውም ታይትል ይሠራል። ታርጋ ታወጡበታላችሁ፣ ትነዳላችሁ፣ ኢንሹራንስ ትገዛላችሁ።

ከቦንድ በፊት የሚሞከር ነገር አለ?

አለ። ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሻጩ የሚገኝ ሰው ከሆነ። ታይትሉ እውነት ጠፍቶበት ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው። በስቴቱ መዝገብ ላይ ስሙ ያለው ባለቤት የታይትሉን ቅጂ ማውጣት ይችላል። በቴክሳስ ቅጹ ቪቲአር-34 ይባላል። በፖስታ ከተላከ 2 ዶላር፣ በአካል ከተኬደ 5 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው ክፍያው። መቶ ምናምን ዶላር ከፍሎ ቦንዱ ለሚጸናበት ሦስት ዓመት በዋስ ከመኖር ይልቅ ሻጩን ቁርስ ጋብዞ ቢሮ ይዞ መሄድ የትና የት ይሻላል። ቅጂውን ማውጣት የሚችለው ግን ባለቤቱ ነው፤ ገዢ በራሱ ስም አያወጣውም።

ሻጩ አገር ቤት ገብቶ ከሆነስ? ይህ በኛ መካከል የተለመደ ነው። ሰውየው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ መኪናውን ለወዳጁ ይሸጣል፣ በግርግሩ ሳይፈርም ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ሰውየው ውክልና ሊሰጣችሁ ይችላል። ቴክሳስ ለመኪና ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ቪቲአር-271 የሚባል የውክልና ቅጽ አለው። ፈርሞበት ከመታወቂያው ኮፒ ጋር በሚመጣ ሰው ወይም በፈጣን መልእክት ይልካል። እናንተ በዚያ ውክልና ቅጂውን ትጠይቃላችሁ። ቅጹን ከኢንተርኔት አውርዳችሁ፣ የምትችሉትን ሞልታችሁ፣ የሚፈርምበትን ቦታ አመልክታችሁ ላኩለት። ሰው የሚያጓትተው ብዙ ጊዜ ተንኮል ኖሮት ሳይሆን የት እንደሚፈርም ስለማያውቅ ነው።

ባለቤቱ አርፎ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ኑዛዜው በፍርድ ቤት የማይታይ ከሆነና የውርስ አስተዳዳሪ ካልተሾመ፣ ወራሾቹ ቪቲአር-262 የሚባለውን የወራሽነት ቃለ መሐላ በኖታሪ ፊት ፈርመው መኪናውን ማዛወር ይችላሉ። በሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ የሟቹን መኪና በቦንድ ለማዞር ሲንገላታ ያሳዝናል። ይህ ቅጽ ለነሱ የተዘጋጀ ነው።

ታይትሉ የጠፋው ባንክ ዘንድ ከሆነ፣ ማለትም ዕዳው ተከፍሎ አልቆ ባንኩ ስሙን ከታይትሉ ላይ ያላነሳ ከሆነ፣ የሚፈለገው የዕዳ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። ባንኩ ከስሮ ከተዘጋም ተስፋ አትቁረጡ። የወደቁ ባንኮችን የሚረከበው የፌዴራሉ የባንክ ተቀማጭ ዋስትና ድርጅት፣ ኤፍዲአይሲ፣ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ይሰጣል።

ከዲለር ገዝታችሁ ዲለሩ ታይትል ሳይሰጥ በሩን ዘግቶ ከጠፋም ጉዳዩ የተለየ ነው። ለስቴቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ከተዘጋ ዲለር ለገዙ ሰዎች የሚረዳበት አሠራር አለው። ዲለሩም ፈቃድ ሲያወጣ ራሱ ቦንድ አስይዟል። ያኛው ቦንድ ገዢን ለመጠበቅ የቆመ ስለሆነ ሳትጠይቁ አትለፉት።

እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ፣ ሻጩ ካልተገኘ ወይም አልፈርምም ካለ፣ ያኔ ነው ቦንዱ የሚመጣው።

ለማንኛውም መኪና ይሠራል?

አይሠራም። ለተሰረቀ መኪና ቦንድ መፍትሔ አይደለም። ቁጥሩ ሲመረመር የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፣ መኪናውም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከጥገና ውጭ ነው ወይም ቁርጥራጭ ነው ተብሎ የተመዘገበ መኪናም በቦንድ ነፍስ አይዘራም። በክርክር ላይ ያለ፣ ለምሳሌ ባልና ሚስት ፍርድ ቤት የሚሟገቱበት መኪናም አይፈቀድም። ግቢያችሁ ውስጥ ሰው ጥሎት የሄደ መኪና በተጣለ ንብረት ደንብ ይታያል። ጋራዥ ያስተካከለበት ገንዘብ ሳይከፈለው የያዘው መኪናም የራሱ ሕግ አለው።

ባንክ ዕዳ የተመዘገበበት መኪና ላይ የቴክሳስ ደንብ ቁርጥ ያለ ነው። ዕዳው ከተመዘገበ አሥር ዓመት ካልሞላው የባንኩ መልቀቂያ ግድ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ከፍዬ ጨርሻለሁ» ስላለ ብቻ አይሆንም።

መኪናው ደግሞ በእጃችሁ መሆን አለበት። እናንተም የቴክሳስ ነዋሪ ወይም እዚያ የተመደባችሁ ወታደር መሆን አለባችሁ።

ሂደቱ እንዴት ነው?

ትልቁ ስሕተት ቦንዱን አስቀድሞ መግዛት ነው። መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ስቴቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ነው። ቦንዱ ስንት መሆን እንዳለበት የሚወስነው ስቴቱ ነው። ያንን ሳያውቅ የተገዛ ቦንድ ልክ ላይሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ በመሥሪያ ቤቱ የአካባቢ አገልግሎት ማዕከል ማመልከት ነው። ይህ ሁልጊዜ ታርጋ የምታድሱበት የካውንቲ ታክስ ቢሮ አይደለም። የስቴቱ የራሱ ቢሮ ነው። ቪቲአር-130-ኤስኦኤፍ የሚባለውን ቅጽ፣ መታወቂያችሁን፣ ያላችሁን ማስረጃ ሁሉና 15 ዶላር ታስገባላችሁ። መኪናው በቴክሳስ መዝገብ ውስጥ ከሌለ፣ ለምሳሌ ከኦክላሆማ ወይም ከሉዊዚያና የመጣ ከሆነ፣ የቪን ቁጥሩ በአካል ታይቶ መረጋገጥ ሊኖርበት ይችላል።

ቅጹ ላይ መኪናውን እንዴት እንዳገኛችሁትና ታይትሉ ለምን እንደሌለ የምታስረዱበት ቦታ አለ። እዚህ ላይ ልቆይ። ብዙ ሰው ወይ «ጠፋብኝ» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል፣ ወይ ታሪኩን ለማሳመር ያልሆነውን ይጨምርበታል። የሚሻለው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው፦ በዚህ ቀን፣ ከዚህ ሰው፣ በዚህን ያህል ዶላር ገዛሁ፤ ክፍያውን በዚህ መንገድ ፈጸምኩ፤ ሻጩ ታይትሉን እልካለሁ አለ፤ በእነዚህ ቀናት ደውዬ፣ መልእክት ልኬ፣ በአድራሻው ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ከዚያ የገንዘብ ማስተላለፊያውን ደረሰኝ፣ የመልእክቶቹን ፎቶ፣ የሽያጭ ወረቀቱን አያይዙ። መልእክቶቹ በአማርኛ ከሆኑ ትርጉማቸውን አብራችሁ አስገቡ። በጥሬ ገንዘብ ከፍላችሁ ደረሰኝ ከሌላችሁም እሱኑ ጻፉት። በቴክሳስ በታይትል ማመልከቻ ላይ ሆን ብሎ የሐሰት ቃል መስጠት ሦስተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስር ሊደርስ ይችላል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ አንዲት የወንጀል መዝገብ የምታስከትለውን ሁላችንም እናውቃለን።

መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን አይቶ ከተቀበለው የውሳኔ ደብዳቤ ይሰጣችኋል። ደብዳቤው የቦንዱን መጠን ይነግራችኋል። ካልተቀበለው ደግሞ ለካውንቲው ታክስ ሰብሳቢ አቤት ብላችሁ ቃላችሁ እንዲሰማ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሕጉ ይህን መብት ይሰጣል፤ «አይሆንም» ሲባሉ ተስፋ ቆርጠው የሚመለሱ ሰዎች ግን ይህን አያውቁትም።

ደብዳቤውን ከያዛችሁ በኋላ ነው ቦንድ መግዛት። ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላችሁ። የሚሸጡት በቴክሳስ ፈቃድ ያላቸው የዋስትና ኩባንያዎች ናቸው። የመኪና ኢንሹራንስ የምትገዙበት ኤጀንትም ሊሸጥላችሁ ይችል ይሆናል፣ ጠይቁት። ቦንዱ ሲመጣ ከኤጀንቱ ፊት ሳትነሱ ስማችሁን ከመታወቂያችሁ ጋር፣ የቪን ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የኛ ስም ሲጻፍ የአባት ስም ከአያት ስም ይምታታል፣ አንድ ፊደልም ይጨመራል ወይ ይጎድላል። እንዲህ ያለች ትንሽ ስሕተት ፋይሉን መልሳ ታስመጣለች።

ቦንዱ በተገዛ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ካውንቲ ታክስ ቢሮ መግባት አለበት። አሁን የምትሄዱት ወደዚያ ወደምታውቁት ቢሮ ነው። ከሱ ጋር 130-ዩ የሚባለው መደበኛ የታይትል ማመልከቻ፣ የውሳኔ ደብዳቤው፣ ማስረጃዎቹና ክፍያው አብረው ይገባሉ።

ስንት ያስወጣል?

የቦንዱ መጠንና የምትከፍሉት ገንዘብ አንድ አይደሉም። በቴክሳስ የቦንዱ መጠን የመኪናው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። መኪናው በስቴቱ ግምት 7,000 ዶላር ቢያወጣ ቦንዱ 10,500 ዶላር ይሆናል። እናንተ ግን 10,500 አትከፍሉም። ያ ኩባንያው ዋስ የሚሆንበት ጣሪያ ነው። እናንተ የምትከፍሉት የኩባንያውን የዋስትና ክፍያ ነው። በእንዲህ ያለ መጠን ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ጀምሮ ወደ 200 አካባቢ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ለሦስቱ ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ ተመላሽም አይደለም። የቦንዱ መጠን ከፍ ካለ ኩባንያው ክሬዲታችሁን ሊያይ ይችላል። ዋጋው ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ መደወል ያዋጣል።

በጀቱን የሚያዛባው ግን ቦንዱ ሳይሆን ታክሱ ነው። ቴክሳስ ከመኪና ሽያጭ 6.25 በመቶ ይወስዳል። ከግለሰብ ሲገዛ ታክሱ የሚሰላው በከፈላችሁት ዋጋ ወይም በስቴቱ ግምት 80 በመቶ ነው፤ የሚበልጠው ይወሰዳል። መኪናውን በ6,000 ዶላር ከገዛችሁና ግምቱ 7,000 ከሆነ፣ 80 በመቶው 5,600 ነው። 6,000 ይበልጣልና ታክሱ 375 ዶላር ይሆናል። «በአንድ ሺህ ዶላር ነው የሸጠልኝ ብላችሁ ጻፉ» የሚሉ መካሪዎች አሉ። ምክሩ ሐሰት ከመሆኑ በላይ እምብዛም አይጠቅምም፤ ስቴቱ የራሱን ግምት ይዞ ነው የሚቀመጠው። በዚህ ላይ የታይትል ክፍያ እንደ ካውንቲው 28 ወይም 33 ዶላር አለ። የታርጋው ምዝገባ ለብቻው ነው። ባለቤትነት ከተዛወረ በኋላ በጊዜው ካልተመዘገበ ቅጣትም ይጨመራል። ስለዚህ «መቶ ዶላር ከፍለህ ትገላገላለህ» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ቢመጣስ?

ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ካምሪውን ለጥገና ጋራዥ ያስገባል። ጋራዡ ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ መኪናውን ይሸጠዋል። መኪናው እጅ በእጅ ተቀባብሎ እናንተ ጋ ይደርሳል። ታይትል የለውም፤ እናንተም በቅንነት በቦንድ ታወጣላችሁ። ከዓመት በኋላ እውነተኛው ባለቤት ብቅ ይላል።

ሰውየው በቦንዱ ላይ ጥያቄ ያነሳል። ኩባንያው ማስረጃውን ይመረምራል። ጥያቄው እውነት ከሆነ የደረሰበትን ጉዳት ይከፍለዋል፣ ከቦንዱ መጠን ግን አያልፍም። ከዚያ ኩባንያው ለእናንተ ደብዳቤ ይጽፋል፤ «በእናንተ ምክንያት ይህን ያህል ከፍያለሁ፣ መልሱልኝ» ይላል። እናንተ የከፈላችሁትን ለማስመለስ መክሰስ ያለባችሁ የሸጠላችሁን ሰው ነው። ሰውየው ካልተገኘ ኪሳራው በእናንተ ላይ ይቀራል። በአንድ መኪና ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ ዝም ማለት የከፋ ነው። ጥያቄው ሐሰት ወይም የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ኩባንያው ገና ሳይከፍል የሽያጭ ማስረጃችሁንና ያደረጋችሁትን ፍለጋ ብታቀርቡ ሊለውጠው ይችላል። ያ ሁሉ ወረቀት ለማመልከቻ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ቀንም ነው የሚቀመጠው።

በርግጥ አብዛኛው ሰው በቦንድ ታይትል የሚያወጣው ወረቀቱ ስለጠፋ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥመውም። ግን ለማን እየፈረማችሁ እንደሆነ ዐውቃችሁ ፈርሙ።

ሌላ ስቴት ያለነውስ?

ካሊፎርኒያ ቦንድ የሚጠይቀው የመኪናው ዋጋ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ኮሎራዶ የዋጋውን እጥፍ ይጠይቃል። አሪዞና እንደ ቴክሳስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ሲያትልና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ ዋሽንግተን ስቴት አንድ ተጨማሪ አማራጭ ይሰጣል። ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ መኪናን ያለ ታይትል ለሦስት ዓመት አስመዝግቦ መንዳት ይቻላል። በመካከሉ ባለቤት ነኝ የሚል ካልመጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ታይትል ይጠየቃል። ቦንድ መግዛት ወይም ፍርድ ቤት መሄድም ይቻላል። መኪናውን ቶሎ የመሸጥ ሐሳብ ለሌለው ሰው የመጀመሪያው ጥሩ ነው።

በቦንድ ታይትል የማይሰጡ ስቴቶችም አሉ። እዚያ መንገዱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አጠገብ ለአጠገብ ቢሆኑም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የጎረቤት ልምድ ይዛችሁ አትሂዱ። የምትኖሩበትን ስቴት ቢሮ ጠይቁ። ኢንተርኔት ላይ «ከየትኛውም ስቴት ታይትል እናወጣለን» ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎችን ደግሞ ተጠንቀቁ። ቦንድ የሚሸጥ ኩባንያ አለ፤ ታይትል የሚሰጠው ግን ስቴቱ ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ገዝታችሁ ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የምታስቡም ከዚሁ ጋር አያይዙት። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች አሁን የሚላከው ኤሌክትሪክ ነው። ያገለገለ መኪና በመርከብ ሲወጣ የአሜሪካ ጉምሩክ ታይትሉን ከመጫኑ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ማየት ይፈልጋል። በሌላ ሰው ስም ባለ ታይትል ወይም በሽያጭ ወረቀት ብቻ መኪናው ወደብ ላይ ይቀራል፣ የማቆያ ኪራዩም ይቆጥራል።

ገና ያልገዛችሁ ከሆነስ?

ኢንሹራንሶች የሚደግፉት ኤንአይሲቢ የሚባል ድርጅት በድረ ገጹ የቪን ቁጥር በነፃ ይፈትሻል። መኪናው እንደተሰረቀ ወይም ተጋጭቶ ከጥቅም ውጭ እንደሆነ የተመዘገበ መሆኑን ያሳያል። የታይትሉን ታሪክ ለማየት ደግሞ ኤንኤምቪቲአይኤስ ከተባለው የፌዴራል መዝገብ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ሪፖርት ማውጣት ይቻላል።

ታይትሉ ቢኖርም ስሙን እዩት። ታይትሉ ላይ ያለው ስም ፊታችሁ ከቆመው ሰው መታወቂያ ጋር ካልገጠመ አትክፈሉ። አንዳንድ ደላላ መኪና ይገዛና በስሙ ሳያዞር፣ የመጀመሪያው ባለቤት የፈረመበትን ታይትል የገዢውን ቦታ ክፍት አድርጎ ይሸጣል። ይህ ሕገ ወጥ ነው። በቴክሳስ በዓመት ከአራት መኪና በላይ የሚሸጥ ሰው የዲለር ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፊርማው ትክክል ካልሆነ ወይም የመጀመሪያው ባለቤት ካልተገኘ እናንተም ታይትል እንደሌለው ሰው ትሆናላችሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ሻጭና ገዢ አብረው ካውንቲ ታክስ ቢሮ ሄደው እዚያው ማዛወር ነው። መሥሪያ ቤቱም የሚመክረው ይህንኑ ነው። የሚያውቁትን ሰው «ቢሮ አብረን እንሂድ» ማለት ይሉኝታ ያሲዛል። ግን ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። መኪናው በሱ ስም ቆይቶ እናንተ ብትጋጩ ወይም የክፍያ መንገድ ሂሳብ ብታጠራቅሙ ደብዳቤው የሚመጣው ለሱ ነው። እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፤ ደስ ብሎት ይመጣል።

ሦስቱ ዓመት እስኪያልፍ መኪናውን መሸጥ ይቻላል?

ይቻላል። ታይትሉ በስማችሁ ነው፤ ፈርማችሁ ትሸጣላችሁ። በቦንድ የወጣ መሆኑ ስለሚታይ አንዳንድ ገዢ ይፈራል፣ ዲለርም ዋጋ ሊቀንስበት ይችላል። ለገዢው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ የቦንዱንም ኮፒ ስጡት። ወደፊት የሚገዛ ሰውም በቦንዱ ከሚጠበቁት አንዱ ነውና ይህን ሲያውቅ ይረጋጋል።

መኪናውን ስለሸጣችሁ ግን ዋስትናው አይቀርም። በስማችሁ የተገዛው ቦንድ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥያቄ ቢነሳ ኩባንያው የሚፈልገው እናንተን ነው። በቴክሳስ ሕግ ቦንዱ ከጸናበት ቀን ሦስተኛ ዓመቱን ሲደፍን ያበቃል። በዚያ ቀን በላዩ የተጀመረ ክስ ከሌለ መሥሪያ ቤቱ ቦንዱን ላስያዘው ሰው ይመልሳል። እስከዚያ ድረስ አድራሻ ስትቀይሩ ለቦንድ ኩባንያው አሳውቁ። የጥያቄ ደብዳቤ በድሮ ቤት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከቀረ መልስ የመስጠት ዕድሉ ያመልጣችኋል።